ዣንጥላ የሌለው ማማ

እስራኤል ውስጥ፣ የአፉላ ባቡር ጣቢያ የተሰየመው በአንድ የዣንጥላ ወታደር ስም ነው። ራፋኤል ኤይታን፣ አገሬው «ራፉል» የሚለው፣ ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከቴል አዳሺም የእርሻ መንደር የወጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1956 (ከዚህ በኋላ ያለውንም ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 16 ዳኮታ አውሮፕላኖች ሲና በረሃ ውስጥ፣ በሚትላ መተላለፊያ አቅራቢያ የጣሉትን የአየር ወለድ ሻለቃ የመራው እሱ ነው። ቆይቶ ኤታማዦር ሹም ሆነ፤ ከዚያም ወደ ፖለቲካ ገባ። ከሰማይ መዝለል ያልገደለውን ሰው በ2004 አሽዶድ ወደብ ላይ አንድ ማዕበል ጠርጎ ወሰደው።

ከዚህ ጣቢያ ተነሥቼ በሃይፋ በኩል ቤን ጉሪዮን፣ ከዚያም ኒው ዮርክ የሄድኩት ዘመድ ለመጠየቅ ነበር። ዣንጥላ ፍለጋ አልሄድኩም። ልቤን የሰረቀው ግን እሱ ሆነ፤ ይኸውም ዣንጥላዎቹ ከወረዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያለፈው የዣንጥላ ማማ።

አፉላን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከተማችን የተኛችው በይዝራኤል ሸለቆ ሜዳ መካከል ነው። ከጊቭዓት ሃሞሬ ኮረብታ በቀር በቅርብ ዓይን የሚያርፍበት ከፍታ የለም፤ እሱም ቢሆን 515 ሜትር ነው፣ ከጎንደር ለመጣ ሰው ተራራ ተብሎ አይወራለትም። እኛ ቤተ እስራኤሎች በርከት ብለን ከምንኖርባቸው የሰሜን ከተሞች አንዷ ናት። ገበያዋ ላይ አማርኛና ሩሲያኛ፣ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ይጋፋሉ። የተቆላ ሱፏና ፈላፍሏ አገር ያወቃቸው ናቸው። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የምትታወቀው ግን በሌላት ነገር ነው፤ በኦፔራ ቤት። በ1920ዎቹ «አሜሪካን ዛዮን ኮመንዌልዝ» የሚባል ማኅበር የአካባቢውን መሬት ቤይሩት ከሚኖሩት ከሱርሶቅ ቤተሰብ ገዛ፤ አርክቴክቱ ሪቻርድ ካውፍማን ፕላኑን ነደፈ፤ በ1925 ከተማዋ ተቆረቆረች። ቦታው የተሸጠው አሜሪካ ለሚኖሩ አይሁዶች ነበር፤ በማስታወቂያው ላይ ሰፋፊ ጎዳናና ኦፔራ ቤት ተስሎላቸዋል። በአል ፉላ መንደር ያንን መሬት ያርሱ የነበሩ ዐረብ ገበሬዎች ከእርሻቸው ሲነሡ ግን የሣለ ሰው አልነበረም። ኦፔራ ቤቱም አልተሠራ፣ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ አልመጡ። እኛ የምንኖረው እንግዲህ አሜሪካኖች በሥዕል አይተው በገዟት ከተማ ውስጥ ነው። ኒው ዮርክ ስደርስ አንዳች የድሮ ሒሳብ ያለኝ ይመስል የልብ ልብ የተሰማኝ ለዚህ ይሆን?

የአክስቴ ልጅ ብሩክሊን ነው የሚኖረው። ከእኔ ያንሳል፤ እትዬ ይለኛል፤ ነገር ግን አገሩ የእሱ ነውና በዚያ ሰሞን አዛዡም እሱ ነበር። ሙዚየሙንም ድልድዩንም ካሳየኝ በኋላ አንድ የእሑድ ጧት፣ «እትዬ፣ ዛሬ ባሕር ዳር እወስድሻለሁ» አለኝ። ባሕር ሲል የኛን ባሕር ዳር ትዝ አሰኝቶኝ ሳቅኩ። ኤፍ የሚባለውን ባቡር ተሳፈርን። ባቡሩ ብሩክሊን ውስጥ ሲገፋ ከመሬት በታች ወጥቶ በብረት ምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ፣ በቤቶች ጣሪያ ትይዩ መሄድ ይጀምራል። መጨረሻው ስቲልዌል አቬኑ ጣቢያ ነው። ከዚያ ወዲያ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው፤ ሐዲድ የለም።

ኮኒ አይላንድ ማለት ለኒው ዮርክ ሕዝብ የድሃ መዝናኛ ነው፤ ይህን ስል በአክብሮት ነው። አምስት ሳንቲም ይዞ ባሕር የሚያይ፣ የሚጮህ፣ የሚበላ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ የጎረፈበት ዳርቻ። ከጋሊሲያ የተሰደደው አይሁዳዊ ናታን ሃንድወርከር በ1916 ሆት ዶግ በአምስት ሳንቲም መሸጥ የጀመረው እዚህ ነው። ሱቁ እስካሁን ወረፋ አለው። ኮሸር ስላልሆነ እኔ ሽታውን ብቻ ይዤ አለፍኩ። «ወንደር ዊል» የሚባለው ትልቅ መንኮራኩር ከ1920 ጀምሮ ይሽከረከራል። «ሳይክሎን» የተባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር ከ1927 ጀምሮ ሰው ያስጮኻል። ከነዚህ ፊት ለፊት፣ ባሕሩን ይዞ፣ በ1923 የተሠራው ሰፊ የሳንቃ መንገድ ይዘረጋል። በሱ ላይ ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ ብራይተን ቢች ይደርሳሉ፤ እዚያ ቋንቋው ሩሲያኛ ነው፣ አሮጊቶቹ በወንበር ተደርድረው የሚያልፈውን ይመረምራሉ። አፉላ መናኸሪያ አጠገብ የምቀመጥ መሰለኝ።

እኛ ግን ወደ ምዕራብ ዞርን። ማማውም እዚያ ነበር።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ቀይ ነው። ስድስት ጎን ያለው የብረት ማማ ነው፤ ወደ ላይ ሲሄድ እየቀጠነ 76 ሜትር ይደርሳል። ጫፉ ላይ 12 ክንዶች በዙሪያው ወጥተዋል። ጨርቁ ተገፎ ሽቦው የቀረ ትልቅ ዣንጥላ ይመስላል። ከክንዶቹ የተንጠለጠለ ምንም የለም። የሞባይል አንቴና ይሆናል ስል ገመትኩ፤ የአክስቴ ልጅ ግን፣ «እሱማ ፓራሹት ጃምፕ ነው፤ ድሮ ሰው ይጥሉበት ነበር» አለኝ። ሰው ይጥሉበት ነበር! ከዚያች ቃል በኋላ ሳይክሎኑም መንኮራኩሩም ከዓይኔ ወጡ። እሱ ትኬት ሊገዛልኝ ይጎትተኛል፤ እኔ የማይንቀሳቀሰውን ነገር በዙሪያው እየዞርኩ አያለሁ። አንገቴ እስኪደነዝዝ አንጋጥጬ አየሁት። ከዚያ ቀን በኋላ የቀረውን ቆይታዬን የበላው እሱ ነው፤ በቀን እየሄድኩ አየዋለሁ፣ ማታ ስለሱ አነባለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከመዝናኛ ሳይሆን ከጦር ነው። በ1930ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ወጣቶቿን በዣንጥላ መዝለል ለማለማመድ በየከተማው ማማ ታቆም ነበር። ሞስኮ ውስጥ ጎርኪ ፓርክ ከነበረው ማማ ላይ ተራው ሰው በእሑድ ልብሱ ይዘል ነበር። ፖላንዶችም ካቶቪትሴ ከተማ ላይ በ1937 የራሳቸውን አቆሙ። ጄምስ ስትሮንግ የተባለ ጡረታ የወጣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮማንደር የሶቪየቶቹን የእንጨት ማማዎች አይቶ ተመለሰና፣ ኒው ጀርዚ ውስጥ ሃይትስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ የራሱን ዓይነት መሞከር ጀመረ። የጨመረው ነገር ቀላል ይመስላል፤ በእያንዳንዱ ዣንጥላ ዙሪያ ከላይ እስከ ታች የተወጠሩ ስምንት የብረት ገመዶች አቆመ። በዚህ ምክንያት ንፋስ ቢነፍስ ዣንጥላው ወደ ጎን ሄዶ ከብረቱ ጋር አይላተምም፤ በገመዶቹ መካከል እንደተያዘ ይወርዳል።

የስትሮንግ ሐሳብ ወታደር ማሠልጠን ነበር። ችግሩ፣ ሙከራውን ለማየት የመጣው ሰላማዊ ሕዝብ «እኔም ልውጣ» እያለ አስቸገረው። እሱም ብልህ ነበርና ለሕዝቡ የሚሆን ሌላ ዓይነት አዘጋጀ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ የሸራ መቀመጫ፣ ዝግ ብሎ እንዲያወርድ ሰፋ ያለ ዣንጥላ፣ ዣንጥላው ሁልጊዜ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚወጥረው የብረት ቀለበት፣ ከታች ደግሞ ግጭቱን የሚቀበል ስፕሪንግ። ሠራዊቱም ቢሆን ኋላ ቀር አልሆነም። በ1940 የአሜሪካ ሠራዊት የመጀመሪያዎቹን የዣንጥላ ወታደሮች ሲያሠለጥን ወደ ሃይትስታውን አምጥቶ ከማማው ላይ አለማመዳቸው፤ ወደደውና ጆርጂያ ውስጥ ፎርት ቤኒንግ ጦር ሰፈር የራሱን ማማዎች ተከለ። ደብረ ዘይት ላይ አየር ወለድ ሲሠለጥን ያዩ የኛ አዛውንቶች ይህን ቢሰሙ፣ «ፈረንጅ ወታደሩን በመጫወቻ ነው እንዴ የሚያሠለጥነው?» ማለታቸው አይቀርም። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መጫወቻው ነው ከወታደሩ የመጣው።

የኮኒ አይላንዱ ማማ የተወለደው ኮኒ አይላንድ አይደለም። በ1939 ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ ፍላሺንግ ሜዳ ላይ «የነገው ዓለም» በሚል መሪ ቃል የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ ማማው የተሠራው ለዚያ ነው። ወጪውን በከፊል የደገፈው መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ከረሜላ የሚሠራው «ላይፍ ሴቨርስ» ኩባንያ ነበር፤ ስለዚህ ማማው ከላይ እስከ ታች በከረሜላ ቀለበቶች አጊጦ ነበር። ለአዋቂ 40 ሳንቲም፣ ለልጅ 25 ሳንቲም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ፤ ምክንያቱም ስለዚያ ኤግዚቢሽን ሳነብ ለእኔ ብጤው ሰው ዝም ብሎ የማይታለፍ ነገር አገኘሁ። ሜይ 28 ቀን 1939 እዚያው ግቢ ውስጥ የአይሁድ ፍልስጤም ድንኳን ተመርቆ ነበር፤ ንግግር ያደረገው አልበርት አይንስታይን ነው። የኛ ሸለቆ እርሻዎች ያኔ ገና ወጣት ናቸው፤ አፉላ 14 ዓመቷ ነው። በሌላ በኩል ጣሊያን ሮማ የተባለችውን ሴት አምላክ ሐውልት ጣሪያው ላይ ያቆመ፣ ከላዩ ፏፏቴ የሚወርድበት ግዙፍ ድንኳን ነበራት። ያኔ ኢትዮጵያ በጣሊያን እጅ ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ተቀምጠዋል። ከዣንጥላው ማማ ጫፍ ላይ ለጥቂት ሰኮንድ የተንጠለጠለ ጎብኚ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ዓይን ጥቅሻ ማየት ይችል ነበር፤ አገር ለማግኘት የሚለምን ሕዝብና አገር ነጥቆ ፏፏቴ የሚያሳይ መንግሥት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጦርነቱ ፈነዳ።

ወደ ማማው ልመለስ። አንድ ዣንጥላ ለማንቀሳቀስ ሦስት ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሸራው ላይ ይቀመጣሉ፣ ቀበቶ ይታሰርላቸዋል፣ ገመዱ ወደ ላይ ይጎትታቸዋል። መውጣቱ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጫፍ ሲደርስ መያዣው በራሱ ይለቃል። ከዚያ መውደቅ ነው፤ መጀመሪያ ሆድን ባዶ የሚያደርግ፣ ወዲያው ዣንጥላው አየሩን ሲይዘው ዝግ የሚል፤ ከ10 እስከ 20 ሰኮንድ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ያለ ዣንጥላ ከ76 ሜትር የሚወድቅ ነገር በአራት ሰኮንድ ግድም መሬት ይደርሳል፣ ፍጥነቱም በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ማማው ለ40 ሳንቲም የሸጠው እንግዲህ በአራት ሰኮንድና በ15 ሰኮንድ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የከተማው ሰው ሕይወቱን ሙሉ የሚያውቀው መውደቅ ከደረጃ፣ ከሥራ፣ ከዋጋ መውደቅ ነው፤ ያ ሁሉ ድንገት ነው። ተይዞ መውደቅ አዲስ ነገር ነበር።

ሁልጊዜ ግን አልተሳካም። በጁላይ 1939 አንድ ባልና ሚስት ገመዱ ተጠላልፎባቸው አምስት ሰዓት አየር ላይ ተንጠልጥለው ቆይተዋል። አምስት ሰዓት! በሚቀጥለው ዓመት በጋ ደግሞ ሁለት ፍቅረኞች እዚያው ማማ ላይ ተጋቡ፤ ቄሱም ሚዜዎቹም ሙዚቀኞቹም በየዣንጥላቸው ተንጠልጥለው። ጋብቻ ከመውደቅ የሚጀምርበት ሠርግ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ኤግዚቢሽኑ በ1940 ሲያበቃ ማማውን የገዛው የቲልዩ ቤተሰብ ነው፤ በ150,000 ዶላር። ይህ ቤተሰብ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። አባትየው ጆርጅ ቲልዩ በ1897 ኮኒ አይላንድ ላይ «ስቲፕልቼዝ» የሚባለውን መናፈሻ ከፈተ፤ የሚያጓጓው የብረት ሐዲድ ላይ የሚሮጡ የእንጨት ፈረሶች ነበሩ። በ1907 መናፈሻው ተቃጠለ። በማግስቱ ሰውዬው አለቀሰ እንዳትሉ፤ የተቃጠለውን ፍርስራሽ ለማየት መግቢያ አሥር ሳንቲም የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ልጆቹም የአባታቸው ልጆች ናቸው። በ1939 ሌላ እሳት የመናፈሻውን አንድ ክፍል ሲበላባቸው ባዶውን ቦታ የሚሞላ ነገር ፈለጉ፣ ማማውን ነቅለው አምጥተው በ1941 ባሕሩ ዳር ተከሉት። ባሕር ዳር መትከል ከሜዳ ላይ መትከል ይለያል፤ ንፋሱ አያስቀምጥም። በነፋሻ ቀን ማማው ይዘጋ ነበር፤ ነጋዴዎቹም ሰማይ እያዩ ይራገሙ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተማው መብራት እንዲያጠፋ ሲታዘዝ የማማው መብራት ግን ለመርከቦችና ለአውሮፕላኖች ምልክት እንዲሆን በርቶ ቆየ። ወታደር ለማሠልጠን ታስቦ ለመጫወቻ የዋለው ነገር መልሶ ለጦርነቱ አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፍቅሬ ባሰብኝ።

የሳንቃው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ማማውን ትክ ብዬ ሳይ አይቶኝ፣ «ወጥተሽበት ታውቂያለሽ?» አለኝ፣ ሳቁን እየያዘ፤ ዕድሜዬ እንደማይፈቅድ ያውቃል። እሱ ልጅ ሆኖ ወጥቶበታል። የሚያስፈራው መውደቁ ሳይሆን መውጣቱ ነው አለኝ። ሲያወጡህ ወንድምህን ታያለህ፣ ከዚያ መናፈሻውን፣ ከዚያ ባሕሩን፣ ከዚያ ማንሃተንን፤ እዚያ ላይ ድምፅ የለም፤ መቼ እንደሚለቅህ አታውቅም። «ከለቀቀህ በኋላማ ምን ታደርጋለህ? ትወርዳለህ።» እኛ ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ የምንለውን ሰውዬው በራሱ መንገድ ደረሰበት። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «አፉላ» ስለው ወዲያው፣ «ኦፔራ አላችሁ ይባላል!» ብሎ ሳቀብኝ። እንዴት እንደሚያውቅ አልጠየቅኩትም። ብሩክሊን ውስጥ የአፉላን ቀልድ መስማት የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር ነው።

እኔ በልጅነቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንዲህ ዓይነት መውጣት የማውቀው። በሜይ 1991 እኛ ቤተ እስራኤሎች በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስንወጣ። ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ተጓጓዘ፤ ብዙ ሰው እንዲይዙ የአውሮፕላኖቹ ወንበሮች ተነቅለው ነበር። ሽማግሌው ያለው ልክ ነው። የማስታውሰው መነሣቱን ነው። ማረፉን ሌሎች ነገሩኝ።

የስቲፕልቼዝ መጨረሻ አያምርም። ሕዝቡ ወደ ሌላ ባሕር ዳር፣ ወደ ቴሌቪዥን፣ ወደ መኪናው ሄደ፤ መናፈሻው በሴፕቴምበር 1964 ተዘጋ፣ ማማውም አብሮ ከሥራ ወጣ። በ1965 ቦታውን የገዛው የሕንፃ ነጋዴው ፍሬድ ትራምፕ ነው፤ የዶናልድ ትራምፕ አባት። በ1966 ሰውዬው ድግስ ጠርቶ ለእንግዶቹ ጡብ አደላቸው፤ የመናፈሻውን ትልቅ የመስታወት አዳራሽ እንዲሰብሩ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላል ያገራችን ሰው፤ ምሳሩን ለእንግዳ ማደል ግን አልሰማሁም ነበር። እሱ ሊሠራ ያሰበው አፓርታማ አልተፈቀደለትም፣ ቦታውን ከተማው ገዛው። ማማው ብቻውን ቀረ።

ለሌላ ሰው የሚቀጥለው ታሪክ የቢሮ ታሪክ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። በ1971 ከተማው ማማውን ለጨረታ አቀረበው። አንድም ሰው አልመጣም። ማፍረሱም ገንዘብ ይጠይቃልና ዝም ተባለ። በ1977 የከተማው የቅርስ ኮሚሽን በቅርስነት መዘገበው፤ በዚያው ዓመት ከፍተኛው የከተማ ቦርድ ውሳኔውን ሰረዘው። በ1980 በአገር አቀፍ ደረጃ ተመዘገበ። በ1989 ከተማው እንደገና ቅርስ አለው። በመሐሉ ብረቱ ይዝጋል፣ ወጣቶች ይወጡበታል፣ ጋዜጣ «የብሩክሊን ኤፍል ማማ» እያለ ያሞጋግሰዋል። ዛሬ ሰው ሁሉ «የወደድነው ስለሆነ አተረፍነው» ይላል። እኔ አላምንም። ያተረፈው ፍቅር አይደለም፤ የተረፈው ገዢ አጥቶ ነው። ፍቅሩ የመጣው ማማው ብዙ ዘመን ያለ ሥራ ቆሞ ካዩት በኋላ ነው። በ1939 ሥራ ያለው ማሽን ነበር፤ ሥራውን ሲያጣ ነው ሐውልት የሆነው።

የአፉላን ኦፔራ ቤት እዚህ ላይ አስታወስኩት። የኛው ሥዕል ነበረው፣ ሕንፃ አልነበረውም። የነሱው ብረት አለው፣ ሥራ የለውም። ሁለቱን ባወዳድር የነሱን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የሚነካ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ስለው፣ «እትዬ፣ አንቺ ከተማ ውስጥ ምንም የማይሠራ ነገር ካየሽ ትወጂያለሽ» አለኝ። ከባድ ሐሜት ነው፤ ግን ሐሰት ነው ብዬ አልማልም።

ከ2002 ጀምሮ ከተማው ገንዘብ መደበለት። የላይኛው ክፍል ተነቅሎ ወረደ፣ ተጠገነ፣ ተመልሶ ወጣ፤ ቀይ ቀለም ተቀባ። በ2006 መብራት ተገጠመለት፤ በ2013 ደግሞ 8,000 ኤልኢዲ አምፖሎች። ማታ ማታ ቀለሙን ይለዋውጣል። እውነቱን ልናገር፣ ማታ አልወደድኩትም። ሲበራ ማስታወቂያ ይመስላል። ቀን ላይ፣ ባሕሩ ግራጫ ሆኖ፣ ከጎኑ ባለው የቤዝቦል ስታዲየም ሰው ሳይኖር፣ 12ቱ ክንዶች ባዶ ሰማይ ላይ ተዘርግተው ሳይ ነው ውበቱ። መብራቱ የሌላ ሰው ፍቅር ነው፤ ይሁንለት።

የዚህ ማማ ልጆችና የልጅ ልጆች አሁን በዓለም ሞልተዋል፤ የወላጃቸውን ጠባይ ግን አልያዙም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከተሠሩት የመውደቂያ ማማዎች አብዛኞቹ ዣንጥላ የላቸውም። ወንበሩ እንዲሁ ይለቀቃል፤ ከታች የሚያቆመው ማግኔት ነው። ጠንካራ ማግኔት በብረት ዝርግ አጠገብ በፍጥነት ሲያልፍ ብረቱ ውስጥ ጅረት ይፈጠራል፣ ያ ጅረት መልሶ እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ኤሌክትሪክ ቢጠፋ እንኳ ይሠራል፤ ብልሃቱን አደንቃለሁ። የአንዳንዶቹ እድሜ ግን አጭር ነው። ኒው ጀርዚ ውስጥ፣ ስትሮንግ ሙከራውን ካደረገባት ከሃይትስታውን ብዙም ሳይርቅ፣ «ዙማንጃሮ» የሚባል 126 ሜትር የሚጥል ማማ በ2014 ተከፍቶ ነበር፤ ሰውን በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ያወርድ ነበር። በ2024 መጨረሻ ተዘጋ፣ በፌብሩዋሪ 2025 በፈንጂ ተጣለ። አሥር ዓመት ነው የኖረው። ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ በ2021 መጨረሻ የተከፈተው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በማርች 2022 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከወንበሩ ወድቆ ሞተበት፣ ማማውም በ2023 ፈረሰ። የ1939ኙ ማማ ዝግ ብሎ ይጥል ነበርና ረጅም ኖረ ብል የምሕንድስና ሰዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እንደገና ይሥራ የሚል ሐሳብ መነሣቱ አልቀረም። በ1980ዎቹ የተጠበሰ ዶሮ በመሸጥ የበለጸገ ሆረስ ቡላርድ የሚባል ነጋዴ ስቲፕልቼዝን መልሶ ለመገንባት ተነሥቶ ነበር፤ አልሆነለትም። ከእድሳቱ በኋላም ጥያቄው ተነሥቶ በወጪው ምክንያት ወደቀ። እኔም ብሆን ሒሳቡ ይገባኛል። 12 ክንድ፣ ለአንዱ ሦስት ሠራተኛ፣ በዛሬ ደመወዝ፣ በዛሬ የመድን ዋጋ፣ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር እየተዘጋ፤ ትኬቱን 40 ሳንቲም የሚሸጥ ማን ነው?

በመጨረሻው ከሰዓት የአክስቴ ልጅ አሸንፎ ሳይክሎኑ ላይ አወጣኝ። ጮህኩ፣ ወገቤን አመመኝ፣ ከወረድኩ በኋላ የት እንደነበርኩ አላውቅም። «አሁን ገባሽ?» አለኝ። አልገባኝም። ዣንጥላው አንድ ቀን ከተመለሰ ግን ከወረፋው መጀመሪያ እኔን ያገኙኛል፤ እሱ ከታች ቆሞ ቦርሳዬን ይይዛል።